ቻይናውያን «አካልን የሚያበረቱ» የሚሏቸው ዕፅዋት ለማን ይስማማሉ?

ሳባ ከጓንግዡ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ለሥራ ጓንግዡ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከአዲስ አበባም ሆነ ከአሜሪካ ዘመዶቼ አብዝተው የሚያዙኝ ልብስ ወይም ስልክ ሳይሆን «ያንን ጉልበት የሚሰጠውን ሥር ላኪልን» እያሉ ነው። ጂንሰንግ የሚፈልግ አለ፤ ጎጂ የምትባለውን ደረቅ ቀይ ፍሬ የሚፈልግ አለ፤ ለአራስ ሴት ደም ይተካል የተባለውን ዳንግግዊን የሚጠይቅም አልታጣም። እዚህ በቺንግፒንግ ገበያ እነዚህ ሁሉ እንደ በርበሬና እንደ ኮረሪማ በጆንያ ተከምረው ይሸጣሉ። ጎረቤቶቼም መድኃኒት ብለው ሳይሆን የዕለት ሾርባ ብለው ይቀቅሏቸዋል።

እስከ አሁን ከመላክ የተቆጠብኩት ለማን ምን እንደሚስማማ ስለማላውቅ ነው። አሁን ግን ነገሩ በቅርቤ ላለ ሰው መጣ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ፤ ልባቸው ምቱን ስለሚያዛባም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ታዝዞላቸዋል። ድካም በርትቶባቸው «ጂንሰንግ ያነሣኛል» ብለው አምነዋል፤ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜም የጂንሰንግ ሻይ ገዝቶ ሊልክላቸው ተዘጋጅቷል። ሙያው ያላችሁ ሁለት ነገር ብታስረዱኝ እወዳለሁ። የቻይና ሕክምና ራሱ እነዚህን ዕፅዋት ማን ይውሰድ፣ ማንስ ይተው ይላል? ከዘመናዊ መድኃኒት ጋር ሲገናኙስ ምን ይከተላል?

ደጀን ከናንጂንግ

እህታችን ሳባ ጥያቄውን በትክክለኛው በር አስገብተውታል። ናንጂንግ የቻይናን ባህላዊ ሕክምና የምማር ተማሪ ነኝ፤ በክፍል የምንማረውንና በሐኪም ቤት ልምምድ ያየሁትን አካፍላለሁ።

በዚህ ሕክምና አካልን የሚያበረቱት ዕፅዋት በአራት ወገን ይመደባሉ። ለቺ፣ ማለትም አካልን ለሚያንቀሳቅሰው ኃይል፣ ጂንሰንግ፣ ሁዋንግቺ፣ ዳንግሸንና ባይዡ አሉ። ደምን ያበረታሉ የሚባሉት ዳንግግዊ፣ ተቀቅሎ የተዘጋጀው ዲሁዋንግና ባይሻኦ ናቸው። አካልን የሚያረጥበውንና የሚያቀዘቅዘውን ዪንን ለመተካት ማይዶንግና ጎጂ ይሰጣሉ። የሚያሞቀውን ያንግን ለማንሣት ደግሞ ዱዦንግ የተባለው የዛፍ ልጣጭና ሌሎችም አሉ። ሐኪሙ ምላስ አይቶ፣ የሁለቱንም እጅ የደም ሥር ዳስሶ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ሆድ ጠይቆ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይወስን ከእነዚህ አንዱንም አያዝም። «ደክሞኛል» የሚል ሰው ቺው ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ዪኑ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምንም ሳይጎድለው በውስጡ እርጥበትና ሙቀት ታምቆበት ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛው ሰው ጂንሰንግ መስጠት በዚሁ ሕክምና ሕግ ጥፋት ነው።

ጉንፋን ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው ማበርቻ እንዳይወስድ መምህራን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ሌባ ቤት ውስጥ ሳለ በሩን መዝጋት ነው ይላሉ። ሆዱ የማይፈጭለት ሰው ደግሞ ከብዶ የሚቀመጠውን ዲሁዋንግን ቢወስድ ይነፋል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል። ስለዚህ አዘጋጆች የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ወይም ሌላ ሆድ የሚያንቀሳቅስ ቅመም ይጨምሩበታል።

ሌላው ከአገራችን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰወረው፣ አንድ ሥር ለብቻው የሚሰጥበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በመንግሥት የመድኃኒት ቤት የቅመማ መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረው «አራቱ ጨዋዎች» የተባለው ቅመም ጂንሰንግን ከባይዡ፣ ከፉሊንግና ከጋንጻኦ ጋር ያጣምራል። ጂንሰንግ ኃይል ሲሰጥ ባይዡና ፉሊንግ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመውን እርጥበት ያወጣሉ፤ ጣፋጩ ጋንጻኦ ደግሞ ሁሉን ያስማማል። ለደም የሚሰጠው የ«አራቱ ነገሮች» ቅመምም ዲሁዋንግን፣ ዳንግግዊን፣ ባይሻኦንና ቹዋንሺዮንግን ይይዛል። የመጨረሻው የገባው ደሙ እንዳይረጋ እንዲያንቀሳቅስ ነው። ሁለቱ ቅመሞች ሲዋሐዱ «ስምንቱ ዕንቁዎች» ይባላሉ፤ ሁዋንግቺና ቀረፋ ሲጨመሩባቸው ደግሞ አሥር ዓይነት ያለው ታላቁ ማበርቻ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ጂንሰንግን ብቻ ነቅሎ በሻይ ከረጢት መሸጥ የንግድ እንጂ የሕክምናው ሥርዓት አይደለም።

በነገራችን ላይ ከእኛ አካባቢ ወደ ቻይና የሚሄዱት ዕጣንና ከርቤም በዚህ ሕክምና ትልቅ ቦታ አላቸው። የተመደቡት ግን ደምን ከሚያንቀሳቅሱት እንጂ ከሚያበረቱት ጋር አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርም ይከለከላሉ። ከአገራችን ስለሄዱ ብቻ «የእኛው ነው፣ አይጎዳም» ብሎ የሚውጥ ሰው ስላጋጠመኝ ነው ማንሣቴ።

አባ መላ

ወንድማችን ደጀን በጥሩ አብራርተዋል። እኔ ግን ነገሩን ይህን ያህል ማክበድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ቻይናውያን ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ ትውልድ ባልተወደደ ነበር። ሸንኖንግ በሚባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው 365 መድኃኒቶች በሦስት ደረጃ ተከፍለው፣ በላይኛው ደረጃ ያሉት 120ዎቹ መርዝ የሌላቸውና ረጅም ጊዜ ቢወሰዱ የማይጎዱ ተብለው ተጽፈዋል፤ ጂንሰንግም ከእነዚያ አንዱ ነው። እናት በሰባ ዓመታቸው አንድ ስኒ ሻይ ቢጠጡ ምን ይሆናሉ?

መርማሪ

አባ መላ የጠቀሱት መጽሐፍ እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን እንመልከት። በሃን ዘመን እንደተጠናቀረ የሚነገርለት ያ መጽሐፍ በላይኛው ደረጃ፣ ማለትም ረጅም ጊዜ ቢወሰዱ አይጎዱም ካላቸው መካከል፣ በመጀመሪያ ረድፍ ያስቀመጠው ሲናባር የተባለውን ቀይ ማዕድን ነው። ሲናባር ሜርኩሪ የሚወጣበት ድንጋይ ነው። ከታንግ ነገሥታት መካከል ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ ከሜርኩሪና ከመሰል ማዕድናት የተቀመመ ክኒን በልተው እንደሞቱ የሚነገርላቸው አሉ። ስለዚህ «ጥንት ተጽፏል» ማለት «ተመርምሯል» ማለት አይደለም። ቻይናውያን ሊቃውንትም ይህን ስላወቁ ነው የቀደሙትን ሲያርሙ የኖሩት። ሊ ሺዠን በ16ኛው ክፍለ ዘመን 1,892 መድኃኒቶችን የዘረዘረበትን ትልቅ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ የቀደምት መጻሕፍትን ስሕተት እየለቀመ ነበር።

ጠቅልሎ መጣልም አይገባም። የአሜሪካው ጂንሰንግ የካንሰር ሕሙማንን ድካም ይቀንስ እንደሆነ 364 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በቀን 2,000 ሚሊግራም የዊስኮንሲን ጂንሰንግ የወሰዱት ከስምንት ሳምንት በኋላ ድካማቸው ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። በአራተኛው ሳምንት ግን ልዩነቱ ግልጽ አልነበረም። ይህ አንድ ዕፅ፣ በተወሰነ መጠን፣ ለተወሰኑ ሕሙማን የሰጠው ውጤት ነው፤ «ጂንሰንግ ጉልበት ይሰጣል» ከሚለው ጥቅል አባባል ጋር አንድ አይደለም። በአብዛኞቹ ማበርቻዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ደግሞ ትናንሽና አሠራራቸውም ደካማ በመሆኑ የሚያስተማምን ነገር ለመናገር አያስችሉም።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

እህቴ ሳባ፣ ስለ እናትዎ በቀጥታ ልመልስልዎ፤ ጂንሰንጉ እንዳይሰጣቸው። ወንድምዎም ሻይውን ሳይልክ ይቆይ።

ምክንያቱ ዋርፋሪን ነው። ዋርፋሪን ጥቂት ቢበዛ የሚያደማ፣ ጥቂት ቢያንስ ደም እንዲረጋና አንጎልን እንዲመታ የሚያደርግ መድኃኒት ስለሆነ መጠኑ አይ.ኤን.አር በተባለው፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ በሚለካው ምርመራ በጥንቃቄ ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የአሜሪካው ጂንሰንግ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የዋርፋሪንን ኃይል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዳንግግዊ ደግሞ በተቃራኒው የማድማት ኃይሉን እንደሚጨምር በሕሙማን ላይ ታይቷል። ምንም የማያደርግ የሚመስለው ጎጂ እንኳ ከዋርፋሪን ጋር ሲጠጣ አይ.ኤን.አር እንደጨመረባቸው የተዘገቡ ሕሙማን አሉ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይጎትታል ማለት ነው፤ አንድ ላይ ሲወሰዱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር የሚችል ሐኪም የለም።

ሁለተኛው የደም ግፊታቸው ነው። ወንድም ደጀን «ሁሉን ያስማማል» ያሉት ጋንጻኦ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየም እንዲወጣ ያደርጋል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን ለሚወስድ ሰው ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብዙዎቹ እነዚህ ክኒኖችም ፖታሲየምን ያስወጣሉና። ጋንጻኦ በእጅግ ብዙ የቻይና ቅመሞች ውስጥ በጥቂቱ ስለሚገባ ሰው ሳያውቀው ይወስደዋል።

እናትዎ ደክሞኛል ማለታቸው ግን መናቅ የለበትም። በእሳቸው ዕድሜና በእሳቸው መድኃኒት መጀመሪያ የሚመረመረው የሄሞግሎቢን መጠን፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ሁኔታ ነው። የልብ ምት ከሚያዘገዩት መድኃኒቶች አንዱን የሚወስዱ ከሆነም መጠኑ ራሱ ያደክማል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሆድ ዕቃው ውስጥ በቀስታ እየደማ ደም ሲያንሰው የመጀመሪያው ምልክት ድካም ሊሆን ይችላል። ጂንሰንግ ይህን ለጊዜው ቢሸፍነው ጉዳቱ ድርብ ነው።

የእግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በቻይና ሕክምና «ደም መጉደል» የሚባለውና በላቦራቶሪ የሚታየው ደም ማነስ አንድ አይደሉም። ብረት በማነስ የመጣ ደም ማነስ ያለባት ሴት የሚያስፈልጋት ብረት ነው፤ ቀይ ፍሬ በቀለሙ ብረት አይሆንም። በዳንግግዊ ሾርባ ስትታመን ወራት ያለፉባትና ሄሞግሎቢኗ ወደ አደገኛ ደረጃ የወረደባት ሕመምተኛ አይቻለሁ።

የቢሾፍቱ ልጅ

ደምን ያበረታሉ ከተባሉት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተዘለለ፤ ዕፅ ስላልሆነ ይሆናል። ኧጂያኦ ይባላል። ከአህያ ቆዳ የሚዘጋጅ ነው፤ ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ለብዙ ሰዓት ተቀቅሎ፣ ፈሳሹ ሲወፍር እንደ ሙጫ ይረጋና በጥቁር ቡናማ ጡብ መልክ ይቆረጣል። ስሙን ያገኘው በሻንዶንግ ግዛት ካለችው ዶንግኧ ነው። ሲፈለግ በትኩስ መጠጥ ይሟሟል፤ ከሰሊጥና ከለውዝ ጋር ተደባልቆም እንደ ጣፋጭ ይሸጣል። በአብዛኛው ጄላቲን መሆኑን ፋርማሲስቷ ያረጋግጡልኝ።

ይህን ያነሣሁት ከአገራችን ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። በቻይና የአህያ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከ11 ሚሊዮን ገደማ ከ3 ሚሊዮን በታች ሲወርድ ገበያው ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። በዓለም ከሁሉ የበለጠ አህያ ያላት ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ቢሾፍቱ ውስጥ የተከፈተው የአህያ ቄራ በነዋሪው ቁጣ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲዘጋ መደረጉን የማታስታውሱ አትኖሩም። በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም አህያን ለቆዳው ብቻ ማረድን በአህጉሩ ደረጃ ከልክለዋል። ውኃና እህል በአህያ የሚያመላልሱ እናቶች ባሉበት አገር አህያዋ ስትሸጥ ሸክሙ ወደ ሴቷ ጀርባ ይመለሳል። ስለዚህ «ደም የሚያበረታ የቻይና ጣፋጭ ላኪልኝ» የሚል ዘመድ ካለ ምን እንደሚጠይቅ ይወቅ።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

አዎን፣ በአብዛኛው ከቆዳ የሚገኘው የኮላጅን ፕሮቲን፣ ማለትም ጄላቲን ነው። የብረት እጥረትን ለመተካት የሚበቃ ብረት አይሰጥም።

አልማዝ ከፎሻን

እስከ አሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ መድኃኒት ሆነና ወጥ ቤቱ ተረሳ። ጓንግዶንግ ውስጥ እነዚህን ዕፅዋት አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ከሐኪም ሳይሆን ከእናቱ ድስት ነው። ቻይናውያን ምግብና መድኃኒት ምንጫቸው አንድ ነው ይላሉ፤ መንግሥታቸውም ሁለቱንም ሆነው ሊያገለግሉ የሚችሉ ዕፅዋትን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2002 አውጥቶ ከዚያ ወዲህ እየጨመረበት መጥቷል። ጎጂ፣ «የቻይና ቴምር» የሚባለው ሌላው ቀይ ፍሬ፣ የመንደሪን ልጣጩና ዝንጅብሉ ከመጀመሪያውም በዝርዝሩ ነበሩ፤ ሁዋንግቺና ዳንግሸን የገቡት በ2023 ነው። በእኔ አስተያየት ጤነኛ ሰው ከዚህ ዝርዝር ባይወጣ መልካም ነው።

እኔ የምሠራው የዶሮ ሾርባ ነው፤ እዚህ በብዛት የሚቀቀለው የአሳማ አጥንት ስለሆነ ለእኛ ሰው አይሆንም። አንድ ዶሮ ታጥቦ ለአፍታ በፈላ ውኃ ይነከርና አረፋው ይደፋል። በአዲስ ውኃ ላይ ሁዋንግቺ ከ15 እስከ 20 ግራም፣ ጥቂት የቻይና ቴምር፣ የተቆራረጠ ሁዋይሻንና ዝንጅብል ገብቶ በዝግተኛ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይንተከተካል። ጎጂ የሚገባው ሊወጣ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይሟሟል፣ ይጎመዝዛልም። ጨው በመጨረሻ። የሁዋንግቺ ቁራጮች እንጨት ስለሆኑ አይበሉም፤ ይወጣሉ። ሁዋይሻን የተባለው ሥር የእኛ የደቡቡ ቦዬ ዘመድ ነው። «የቻይና ቴምር» የሚባለው ቀይ ፍሬም ከቴምር ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፤ ወገኑ ቁርቁራ ነው። ዘሩን ስታዩት ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ለብርድ ወቅትና ለአራስ የሚሠራው ደግሞ የበግ ሥጋ ከዳንግግዊና ከዝንጅብል ጋር ነው። ይህ ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው ሐኪም ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ በጻፈው ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ያኔም የታዘዘው ለሆድ ብርድና ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የሆድ ቁርጠት ነበር። ዛሬ ቤት ውስጥ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ከ10 እስከ 15 ግራም ዳንግግዊና ከዚያ እጥፍ የሚሆን ዝንጅብል ይገባል። ጠረኑ ብርቱ ነው፤ ለእኛ አፍንጫ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ዝንጅብሉ ግን ይገራዋል። ቻይናውያን አራስን አንድ ወር ሙሉ ከብርድ ጠብቀው፣ ሞቅ ያለ እያበሉ ማሳረፋቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ገንፎና አጥሚት የምናቀርበው ለዚሁ ነው። ወልዳ የሚደማት ሴት ግን ይህን ሾርባ ደሟ ሳይቆም አትጠጣም፤ የቻይና አሮጊቶችም የሚሰጡት ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው።

አባ መላ

ስለ ሲናባሩ የተሰጠኝን መልስ ተቀብያለሁ፤ የመጽሐፉን ያን ክፍል አላየሁትም ነበር። አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ዱባይ የሚኖሩ ጓደኞቼ ሽበት ያጠቁራል፣ ፀጉርም ይመልሳል እየተባለ የሚሸጥ ሄሾውዉ የተባለ ጥቁር ሥር በዱቄትና በክኒን ይወስዳሉ። ይህም ከማበርቻዎቹ ይቆጠራል? ይጎዳል?

ደጀን ከናንጂንግ

ይቆጠራል፤ ደምንና ዪንን ከሚያበረቱት ውስጥ ነው። ጥሬውና የተዘጋጀው ግን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። ጥሬው ያስቀምጣል፤ በጥቁር ባቄላ ጭማቂ በእንፋሎት የተቀቀለው ነው ማበርቻ የሚባለው። በገበያ ላይ በዱቄት መልክ ሲሸጥ የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

ይጎዳል። ከሁሉም ማበርቻዎች መካከል የጉበት መቆጣትን በማምጣት በተደጋጋሚ የተመዘገበው ይህ ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች የዘር ጠባይ ምክንያት ይበልጥ ይከፋል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 አስጠንቅቋል። የቻይናው ተቆጣጣሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 በጤና ምግቦች ውስጥ የሚገባውን መጠን በቀን ለጥሬው 1.5 ግራም፣ ለተዘጋጀው 3 ግራም እንዳይበልጥ ገድቦ ጉበታቸው ለታመመ ሰዎች እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። ጓደኞችዎ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ቀኝ ጎናቸው ላይ ከበደን ካሉ ዛሬውኑ አቁመው ይመርመሩ። ሽበት በሽታ አይደለም፤ ለእሱ ሲባል ጉበትን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

መርማሪ

ስም መመሳሰሉም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ብራስልስ ውስጥ በአንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ፋንግጂ የተባለ የቻይና ሥር ለሴቶች ይሰጥ ነበር፤ በስሙ ተመሳሳይ የሆነ፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ሌላ ዕፅ በቦታው ገባ። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ ከእነሱም ብዙዎች በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ይህ በሕክምና መጽሔት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዕፁ ማበርቻ አልነበረም፤ ግን በአማርኛ ፊደል በተጻፈ የቻይና ስም ብቻ የሚገዛ ሰው በዚያው መንገድ ላይ ነው። የላቲኑ ሳይንሳዊ ስም በማሸጊያው ላይ ከሌለ አለመግዛት ነው።

ሳባ ከጓንግዡ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለወንድሜ የፋርማሲስቷን መልስ አነበብኩለት፤ ሻይውን ለራሱ አስቀርቷል። እናቴም ሄሞግሎቢናቸውንና ፖታሲየማቸውን እንዲመረመሩ ከሐኪማቸው ጋር ቀጠሮ ተይዟል።

ለጤነኛ ዘመዶቼ ግን ወይዘሮ አልማዝ የዘረዘሩትን የሾርባ ዕቃ መላክ እፈልጋለሁ። ገበያ ውስጥ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለየው? በጣም ደማቅ ቀይ የሆነው ጎጂ ነው የሚወደደው።

አልማዝ ከፎሻን

እህቴ፣ ደማቁን ይተዉት። ብዙ ነጋዴ ቀለሙ እንዲያምርና ተባይ እንዳይነካው በድኝ ያጥነዋል። እፍኝ ዘግነው ጥቂት ደቂቃ በእጅዎ ከያዙት በኋላ ያሽትቱት፤ አፍንጫ የሚወጋ ጎምዛዛ ሽታ ካለው ታጥኗል። ጥሩው የኒንግሺያ ጎጂ በዘንጉ በኩል ነጭ ነጥብ አለው፤ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲጣል ወዲያው አይሰምጥም፣ ውኃውንም ወዲያው አያቀላውም። ጥሩ ሁዋንግቺ ሲቆረጥ መሐሉ ቢጫ ዳሩ ነጣ ያለ ነው፤ ሲታኘክ የባቄላ ጣዕም አለው።

ደጀን ከናንጂንግ

የቻይና የመድኃኒት መዝገብ ለአብዛኞቹ ሥሮች የድኝ ቅሪት በኪሎ ከ150 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ለጥቂቶች ደግሞ 400 እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ በጆንያ ከሚሸጠው ይልቅ ከታወቀ መድኃኒት ቤት የታሸገውን መግዛት ይሻላል። ክኒንና ሽሮፕ ከሆነ «የጤና ምግብ» ተብሎ የተመዘገበው በማሸጊያው ላይ ሰማያዊ ቆብ የሚመስል ምልክትና ቁጥር አለበት፤ ያ ምልክት ሳይኖረው በሽታ ይፈውሳል የሚል ማንኛውንም ነገር አይግዙ። ወደ ኢትዮጵያ ሲልኩም ለሽያጭ የሚሆን ብዛት ያለው ዕፅ ያለ ፈቃድ አይገባምና ለአንድ ቤት ከሚበቃው አያሳልፉት።

የመድኃኒት ቅመም የሚያፈላ ካለ ብረት ድስት አይጠቀም፤ ሸክላ ወይም መስታወት ይሁን። ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ማበርቻ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ደግሞ ውኃ ጨምሮ ሁለተኛ ያፈላና ሁለቱን ፈሳሽ ቀላቅሎ ለሁለት ጊዜ ይከፍለዋል። ጂንሰንግ ውድ ስለሆነ ሌሎቹ ሥሮች ፈሳሹን እንዳይመጥጡት ለብቻው ይፈላል።

የቢሾፍቱ ልጅ

ለፋርማሲስቷ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። አክስቴ በቅርቡ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው፤ ልጃቸው ከቻይና የላከላቸውን የጂንሰንግና የዳንግግዊ ክኒን ለመበርታት እየወሰዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ይቀጥሉ?

ፋርማሲስት ከሜሪላንድ

ያቁሙ። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ምክር ማንኛውም የዕፅ ውጤት ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እንዲቆም ነው፤ ጂንሰንግ የደም መርጋትን ሊያውክና በባዶ ሆድ ላይ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ዳንግግዊም ማድማትን ሊጨምር ይችላል። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ከሆነ ደብቀው እንዳይገቡ፤ ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዘው ለሰመመን ሐኪሙ ያሳዩት፤ ቀኑን ማዘግየት ወይም እንዳለ መቀጠል የእሱ ውሳኔ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህንንም አብረው ይንገሩት።